ልጄ መኪና እየለመደች ነው፤ ኢንሹራንሱን እንዴት ላርክሰው?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ጡረታ የወጣሁ መምህር ነኝ፤ የምኖረው ባሕር ዳር፣ ሽምብጥ ነው። አንዲት አሮጌ ቪትስ አለችኝ፣ ኮድ 2። የመጨረሻዋ ልጄ 20 ዓመቷ ነው፤ ማሠልጠኛ ገብታ መንዳት እየተማረች ነው። እሑድ እሑድ በማለዳ፣ መንገዱ ሳይጨናነቅ፣ ወደ ዘንዘልማ ይዣት እየወጣሁ በራሴ መኪና አለማምዳታለሁ። እስካሁን ያለኝ ሦስተኛ ወገን ብቻ ነው። አሁን ሙሉ ኢንሹራንስ ልግባ ብዬ ብጠይቅ የተነገረኝ ዋጋ ለጡረተኛ ከባድ ሆነብኝ። አንድ የማውቀው ሰው ደግሞ “የልጅቱን ስም አታንሳ፣ የመኪናዋንም ግምት ዝቅ አድርገህ አስይዝ፣ በግማሽ ይወርድልሃል” አለኝ። ምን ትመክሩኛላችሁ? (አባት፣ ከሽምብጥ)

መልስ፦ ጋሼ፣ እንደምን አሉ? ደብዳቤዎን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ያስደነገጠኝ የዋጋው ነገር አይደለም፣ የእሑዱ ነው። ወደ ዋጋው እመለሳለሁ። መጀመሪያ ግን እባክዎ የሚመጣውን እሑድ ያስቀሩልኝ።

ልጅዎ ገና መንጃ ፈቃድ የላትም። የመኪና ኢንሹራንስ ውል ደግሞ፣ ሦስተኛ ወገንም ይሁን ሙሉ፣ መኪናውን የሚነዳው ሰው ለዚያ መኪና የሚሆን የጸና መንጃ ፈቃድ እንዲኖረው ይጠይቃል። እርስዎ ጎኗ መቀመጥዎ ይህን አይለውጠውም። አንድ ነገር ቢደርስ ለመኪናዎ ጥገና የሚከፍልዎ አይኖርም። ኢንሹራንሱ ለተጎዳው ሰው ቢከፍል እንኳ ዞሮ እርስዎን “የከፈልኩትን መልሱ” ሊል ይችላል። ትራፊክ ፖሊስ ያለ መንጃ ፈቃድ ስለማሽከርከር የሚጠይቀው ደግሞ ለብቻው ነው።

ሕጉም ባለመኪናውን በቀላሉ አይለቅም። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 2081፣ መኪና ላደረሰው ጉዳት ባለቤቱ ኃላፊ ነው ይላል፤ የነዳው ሰው እንዲነዳ ያልተፈቀደለት ቢሆን እንኳ። ባለቤቱ ነጻ የሚወጣው ጉዳቱ በደረሰበት ጊዜ መኪናው ተሰርቆ እንደነበር ካስረዳ ነው። እርስዎ በገዛ እጅዎ ቁልፉን ሰጥተው፣ ጎኗ ተቀምጠው፣ ይህን ማለት አይችሉም።

የዘንዘልማን መንገድ አውቀዋለሁ። እሑድ ጠዋት ጭር ያለ ይመስላል። ነገር ግን ያ የጎንደር መንገድ ነው። አይሱዙው በዚያው ይመጣል፣ ብስክሌቱም፣ ከቤተ ክርስቲያን የሚመለሰው ነጠላ ለባሽም፣ አህያውም። ልጅቱ ደንግጣ ፍሬን ልርገጥ ብላ ነዳጅ ብትረግጥ የእርስዎ እግር ከፍሬኑ አይደርስም። የማሠልጠኛ መኪና ላይ አሠልጣኙ እግር ሥር ሁለተኛ ፍሬን የሚደረገው ለዚህ ነው፤ “ለማጅ” የሚለውም ጽሑፍ ከኋላ ያለው ሰው እንዲታገሣት ነው።

ስለዚህ መለማመዱን ለማሠልጠኛው ይተዉት። ሰዓቱ አነሳት ካሉ ተጨማሪ ሰዓት ይግዙላት። ገንዘብ እንደሚያስወጣዎ አውቃለሁ፣ ግን የአንድ ፓራፋንጎ ማስጠገኛና ቀለም ምን ያህል እንደደረሰ በሰፈርዎ ያለ ጋራዥ ገብተው ይጠይቁና ያወዳድሩ። ማሠልጠኛውንም “መኪናችሁ ኢንሹራንስ አለው ወይ? ተማሪ ስትነዳ ጉዳት ቢደርስ ማን ይከፍላል?” ብለው በግልጽ ይጠይቁ። ወላጅ ሆነው መጠየቅዎ ነውር የለውም።

አሁን ወደ ኢንሹራንሱ። መንጃ ፈቃዷን ስታወጣ ምን ያድርጉ?

በእጅዎ ያለው ሦስተኛ ወገን ግዴታ ነው። ያለሱ ቦሎ አይሰጥም፤ ስቲከሩም ፓራብሬዛው ላይ መታየት አለበት። አረቦኑ፣ ማለትም ለኢንሹራንሱ የሚከፍሉት ዋጋ፣ በመንግሥት ታሪፍ ስለሚመራ እዚያ ላይ ለማስቀነስ ብዙ አይድከሙ። የሚሸፍነው እናንተ በሌላ ሰው ላይ ያደረሳችሁትን የሞት፣ የአካልና የንብረት ጉዳት ነው፣ እሱንም እስከ ተወሰነ ጣሪያ። በአዋጅ ቁጥር 799/2005 ጣሪያው ለአንድ ሰው ሞት 40,000 ብር፣ ለንብረት 100,000 ብር ነበር፤ በኋላ ከፍ እንዲል ተደርጓል፣ የዛሬውን ቁጥር የራስዎ ውል ላይ ያንብቡ። ከጣሪያው በላይ ያለው የእርስዎ ዕዳ ነው። ለገዛ ቪትስዎ ደግሞ ሦስተኛ ወገን አንድ ብር አይከፍልም። ብዙ ሰው ይህን የሚያውቀው መኪናው ጋራዥ ከገባ በኋላ ነው።

ሙሉ ኢንሹራንስ የሚባለው የራስዎንም መኪና የሚሸፍነው ነው፤ ግጭት፣ መገልበጥ፣ እሳት፣ ስርቆት። ዋጋው የሚሰላው በዋናነት ከመኪናዋ ግምት በመቶኛ ነው። ለዚህ ነው የከበደዎት። ቪትስ ዛሬ በሚሊዮን ብር የምትቆጠር መኪና ሆናለች፣ ስለዚህ ትንሿ መቶኛም ትልቅ ብር ታወጣለች። ከዚያ የመኪናዋ ዕድሜ፣ አገልግሎቷ፣ የሚነዳት ሰው ዕድሜና ልምድ እየታየ ይጨመራል ወይም ይቀነሳል።

እንግዲህ ያ የሚያውቁት ሰው የመከረዎትን እንየው። ሁለት ነገር ነው ያለዎት፣ ሁለቱም ይጎዱዎታል።

የልጅቱን ስም ስለመደበቅ፣ በእኔ ላይ ከደረሰው ልንገርዎ። ከጥቂት ዓመታት በፊት ለያሪስ መኪናዬ ሙሉ ኢንሹራንስ ስገባ ቅጹን የሞላልኝ ወኪል “ማን ነው የሚነዳው?” አለኝ። እኔና ታናሽ ወንድሜ አልኩት፤ ወንድሜ መንጃ ፈቃድ ካወጣ ሁለት ወሩ ነበር። ወኪሉ እስክሪብቶውን አንሥቶ አየኝና “እሱን ብንተወውስ? ያስወድድብሃል” አለኝ። እሺ አልኩ። ቅጹ ላይ እኔ ብቻ ገባሁ። በአምስተኛው ወር ወንድሜ ጊዮርጊስ አካባቢ ወደ ግራ ሲታጠፍ ባጃጅ ጎኑ ገባ። እኔ ስደርስ ሞተሩ ጠፍቷል፣ ፍሬቻው ግን አሁንም ቀጭ ቀጭ ይላል። ወንድሜ ሁለት እጁን መሪው ላይ እንዳደረገ ነበር፤ ጣቶቹን እኔ ነኝ ያላቀቅኳቸው። እግዚአብሔር ይመስገን ሰው አልተጎዳም። የባጃጁ ባለቤት ካሳውን በሦስተኛ ወገኑ አገኘ። የእኔ መኪና ግን ቀኝ በሩ፣ ፓራፋንጎው፣ ስፖኪዮው ሄዷል። ኩባንያው “አዘውትሮ የሚነዳ ሌላ ሰው እንዳለ አላሳወቅክም” የሚል ደብዳቤ ጻፈልኝ። ተከራከርኩ። ወኪሉ ነው ያለኝ ብል ማን ይስማኝ፣ ፊርማው የእኔ ነው። መኪናዋ ሦስት ወር ጋራዥ ቆመች፣ ሙሉውን ከኪሴ ከፈልኩ።

ሕጉ ከኩባንያው ጋር ነበር። የ1952ቱ የንግድ ሕግ፣ የኢንሹራንስ ክፍሉ ዛሬም የሚሠራበት፣ ውል ስትገቡ ለአደጋው ግምት የሚጠቅመውን ነገር ሁሉ አሳውቁ ይላል። አውቆ የደበቀ ሰው ውሉ ሊፈርስበት ይችላል። ጋሼ፣ ይህ ከእድር ጋር አንድ ነው። እድር ሲገቡ የቤተሰቡን ስም ዝርዝር ያስመዘግባሉ አይደል? ያላስመዘገቡት ሰው ቢሞትብዎ ዳኛው ቢያዝንልዎ እንኳ መዝገቡ አይከፍልም። ልጅዎን ያስመዝግቧት። ስሟ፣ ዕድሜዋ፣ መንጃ ፈቃድ ያወጣችበት ቀን፣ ሁሉም ይጻፍ።

ግምቱን ዝቅ ማድረግም እንደዚያው ነው፤ ልዩነቱ ይሄኛውን ብዙ ሰው ሳያውቅ ያደርገዋል። በቁጥር ላሳይዎ። መኪናዋ በገበያ 1,600,000 ብር ታወጣለች እንበል። እርስዎ 800,000 ብለው አስያዙ፤ አረቦኑ በእርግጥ በግማሽ ወረደ። ልጅቱ ገጨችና ጥገናው 200,000 ብር መጣ። እርስዎ “ከ800,000 በታች ስለሆነ ሁሉም ይከፈለኛል” ይላሉ። አይከፈልዎትም። የመኪናዋን ግማሽ ብቻ ስላስያዙ የጉዳቱም ግማሽ ብቻ ነው የሚከፈለው፣ 100,000 ብር፤ ከእሷም ላይ ኤክሰሱ፣ በየአደጋው እርስዎ የሚችሉት ድርሻ፣ ይቀነሳል። ቀሪውን እርስዎ ይሸፍናሉ። ከሐምሌ 2016 ወዲህ፣ ብሩ ለገበያ ከተለቀቀ በኋላ፣ የመኪናና የመለዋወጫ ዋጋ በጣም ስለናረ ሳያስቡት እንኳ እዚህ ውስጥ የገባ ሰው ብዙ ነው፤ የዛሬ ሦስት ዓመት ግምት ይዞ በየዓመቱ የሚያሳድስ ማለቴ ነው። ስታሳድሱ ግምቱን አብራችሁ አሳድሱ።

ታዲያ በምን ይርከስ? የሚያስኬዱ መንገዶች አሉ።

ትልቁ ኤክሰስ ነው። ኤክሰስ ማለት በእያንዳንዱ አደጋ መጀመሪያ ከእርስዎ ኪስ የሚወጣው ነው። “ኤክሰሱን ከፍ ላድርግ፣ አረቦኑን ምን ያህል ትቀንሱልኛላችሁ?” ብለው ይጠይቁ። ትንሹን ጭረት ራስዎ ይችሉታል፣ ኢንሹራንሱን ለትልቁ ይይዙታል። ለጡረተኛ የምመክረው ይህንን ነው፣ ግን አንድ ሁኔታ አለው፦ የኤክሰሱን ያህል ብር ባንክ ውስጥ የማይነካ ሆኖ መቀመጥ አለበት። እሱ ከሌለ ኤክሰሱን ከፍ አያድርጉ። ሌላው መጠንቀቅ ያለብዎ አንዳንድ ውል በዕድሜ ትንሽ ለሆነ ወይም መንጃ ፈቃዱ አዲስ ለሆነ ሾፌር ተጨማሪ ኤክሰስ የሚጥል መሆኑ ነው። የኢንሹራንስ ሠራተኛው ውሉ ላይ ጣቱን አስቀምጦ ያሳይዎ፤ “ልጄ ስትነዳ አጠቃላይ ከእኔ የሚወጣው ስንት ነው?” በሉት።

ሁለተኛው፣ ክሌም (የካሳ ጥያቄ) ሳያቀርቡ ለቆዩበት ዓመት የሚሰጥ ቅናሽ ነው። ዓመት በዓመት ይጨምራል። ስለዚህ የ8,000 ብር ጭረት ይዘው ኢንሹራንስ ቢሮ ከመሄድዎ በፊት ያስሉት፦ ኤክሰሱ ሲቀነስ የሚደርስዎ ስንት ነው፣ በሚቀጥለው ዓመት የሚያጡት ቅናሽስ? ኩባንያ ከቀየሩም ካለፈው ኩባንያ “ክሌም አላቀረበም” የሚል ደብዳቤ ያስጽፉ፣ አዲሱ ሊቆጥርልዎ ይችላል።

ሦስተኛ፣ በመሃል ያለ ነገር አለ፤ ሦስተኛ ወገን ከእሳትና ከስርቆት ጋር። ከሙሉው በጣም ይረክሳል። መኪናዋ ውጭ የምታድር ከሆነ ጥሩ ነው። ግን ለልጅ ጭንቀት መልስ አይሆንም፣ ግጭትን አይሸፍንማ። እንደኔ፣ ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት፣ ልጅቱ እጇ እስኪፈታ፣ ከፍ ባለ ኤክሰስ ሙሉውን መያዝ ይሻልዎታል። ያቺ ቪትስ ብትጠፋ በጡረታ ደመወዝ ሌላ አይገዛም። ከዚያ በኋላ መልሰው ያስቡት። መኪናዋ አሮጌ ስለሆነች ሙሉ ኢንሹራንስ አልሰጥም የሚል ወይም ዋጋ የሚጨምር ኩባንያ ሊያጋጥምዎ ይችላል፤ ተስፋ ሳይቆርጡ ሌላውን ይጠይቁ።

ሲጠይቁም አጠያየቅ አለው። ከ1986ቱ አዋጅ ወዲህ ከኢትዮጵያ መድን ድርጅት ሌላ የግል ኩባንያዎች ስላሉ ባሕር ዳር ውስጥ ምርጫ አለዎት። ቢያንስ ሦስት ቦታ ይሂዱ። ለሦስቱም አንድ ዓይነት ነገር ይንገሩ፦ አንድ ግምት፣ አንድ ኤክሰስ፣ ሁለት ሾፌር፣ አንደኛዋ አዲስ። አንዱ ጋ ግምቱን ቀንሰው ሌላው ጋ ጨምረው የሚያመጡት ዋጋ አይወዳደርም። በጽሑፍ ይስጡኝ ይበሉ። ከዋጋው በታች የተጨመሩትንም ይዩ፤ ለሾፌርና ለተሳፋሪ የአካል ጉዳት የሚከፍለው ተጨማሪ ሽፋን ዋጋው ትንሽ ነው፣ እኔ አልተወውም፣ ሦስተኛ ወገን የሚነዳውን ሰው አይሸፍንምና ልጅዎ ያለዚያ ባዶ ናት። በሽፍታ፣ በሁከትና በመሳሰለው የሚደርስ ጉዳት ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ከመደበኛው ውል ውጭ ነው፣ ለብቻ ይገዛል። ከከተማ የሚወጡ ከሆነ ይጠይቁበት። ከከተማ ካልወጡ ያንን ብር ግምቱን በትክክል ለማስያዝ ያውሉት።

የክፍያውን ነገርም አይርሱ። አረቦኑ ሳይከፈል ሽፋን አይጀምርም። “ሰኞ እከፍላለሁ” ብለው ቅዳሜ ቁልፉን አይስጧት።

አደጋ ቢደርስስ? ልጅቱን ከአሁኑ ያስተምሯት፣ ምክንያቱም ያን ጊዜ እርስዎ ጎኗ አይኖሩም። የተጎዳ ካለ ቀድማ ሕክምና ትጥራ። መኪናውን ከቦታው አታንቀሳቅስ፣ ትራፊክ ፖሊስ ትጥራ፣ በስልኳ ፎቶ ታንሳ፤ የሌላውን መኪና ታርጋ፣ የመንገዱን መስመር፣ የጎማውን አቅጣጫ። መንገድ ላይ ተሰብስቦ “ተስማሙ፣ እኛ እናስታርቃችሁ” የሚል ሰው አይጠፋም፣ ለጭረት ጥሩ ነው፣ ግን በጽሑፍ “ጥፋቱ የእኔ ነው፣ እከፍላለሁ” ብላ እንዳትፈርም። ኩባንያው ሳያውቅ የተገባ ስምምነት በኋላ ጣጣ ያመጣል። በዚያው ቀን ወይም በማግሥቱ ኢንሹራንሱ ጋ ሄደው የአደጋ ማስታወቂያውን ይሙሉ። ከዚያ መርማሪ መጥቶ ያያል፣ ጋራዦች ዋጋ ያቀርባሉ፣ ያሸነፈው ይጠግናል። ኩባንያው ሳያየው ጥገና አያስጀምሩ። ፖሊስ ሪፖርቱና መለዋወጫው ጊዜ ስለሚወስድ ትዕግሥት ያዘጋጁ።

እሑድ ጠዋቱም አይባክን። መንጃ ፈቃዷን እስክታወጣ እርስዎ ይንዱ፣ እሷ ጎንዎ ተቀምጣ መንገዱን ታንብብልዎ። “አሁን ከፊታችን ያለው ባጃጅ ምን ሊያደርግ ነው?” ብለው ይጠይቋት። አዲሱን የአባይ ድልድይ ተሻግራችሁ ስትመለሱ የት ማርሽ እንደቀየሩ፣ ለምን እንደቀነሱ ይንገሯት። ዕድሜዎን ሁሉ ሲያስተምሩ የኖሩ ሰው ነዎት፣ ይህ አያቅትዎትም።

ጥያቄ፦ መንጃ ፈቃድ ካወጣሁ ሦስት ወሬ ነው። አጎቴ ኮሮላውን ይሰጠኛል፣ ኮድ 2 ነው፣ ሙሉ ኢንሹራንስ አለው። ማታ ማታ ከዩኒቨርሲቲ ግቢ ወደ ቀበሌ 14 ተማሪ እየጫንኩ ትንሽ ብር እያገኘሁ ነው። ኢንሹራንሱ ለእኔም ይሠራል? (ከአባይ ማዶ)

መልስ፦ ወንድሜ፣ ለቤት ጉዳይ ስትነዳ አጎትህ አንተን አሳውቆ ከሆነ ይሠራል። ካላሳወቀ ነገ ይሂድና በጽሑፍ ያስጨምርህ፤ ከላይ ለጋሼ የነገርኳቸው የእኔ ታሪክ ለአንተም ነው። ብር ተቀብለህ ሰው ስትጭን ግን አይሠራም። ኮድ 2 ለግል አገልግሎት ነው፣ ውሉም የተሰላው በዚያ ነው። አንድ ቀን አራት ተማሪ ጭነህ አደጋ ቢደርስ መርማሪው መጀመሪያ የሚጠይቀው እነሱን ነው፦ “ስንት ከፈላችሁ?” ልጆቹ እውነቱን ይናገራሉ። ያን ጊዜ አጎትህ መኪናውንም ያጣል፣ የተጎዱትንም ልጆች ካሳ ይሸከማል። ገንዘቡ እንደሚያስፈልግህ ይገባኛል። ግን ዛሬ ማታ አትውጣ፤ መጀመሪያ አጎትህን አስቀምጠህ ምን እየሠራህበት እንደሆነ ንገረው፣ መኪናው የእሱ ነው።